ከአልጋዬ ሥር የተነጠፈው አጎዛ

ጥር 20

ይህ ደብተር ለትምህርት ዕቅድ የተገዛ ነው። ዕቅዱ እዚያው ይጠብቅ፤ ቆሽቴ እያረረ ስለሆነ ንዴቴን ልጻፍበት። የማወራው ሰው የለኝም። ባሌ ነቢዩ የእናቱ ነገር ሲነሳ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

እናቱ እትዬ ጥሩሸዋ ልወልድ ሰሞን ከቀየት ማዶ ካለው መንደራቸው መጡ። ሰርካለም ስትወለድ አጎዛቸውን ከአልጋዬ ሥር፣ ልክ በሩ ላይ አነጠፉና ልጃቸውን ሳሎን መደብ ላይ አስተኙት። አራስ ብቻዋን አታድርም፤ የአገሩ ልማድ ነው፤ ምንም አላልኩም። የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀን ስለሆነ እስከዚያ ልታገሥ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ክርስትናው እሑድ ነው። ሰኞ ይሄዳሉ። ያን ሁሉ በግ ለጎረቤት ጥለው የመጡ ሴት እንዴት እንደሚያስችላቸው አይገባኝም።

ቀኑን ሙሉ የበግ ፀጉር ይፈትላሉ። እንዝርቱ ይሽከረከራል፣ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ሳጠባ ያያሉ፣ ስበላ ያያሉ። ነቢዩ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ሲል ደግሞ «ላሟን አየሃት?» ብለው ያስነሱታል።

ጥር 21

ትናንት ያልጻፍኩት ነገር አለ። ሰርካለምን ስወልድ ደሜ አልቆም ብሎ ነበር። ትልቋን ለተሥላሴን የዛሬ ሦስት ዓመት ስወልድ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። መኪና እስከሚገባበት ድረስ በቃሬዛ ተሸክመውኝ ሮጡ። እትዬ ጥሩሸዋ ከጎኔ እየሮጡ ነጠላቸው ወድቆ አላነሱም ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኔ አላስታውስም።

ሆስፒታል የነበረው ሐኪም «ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዳታረግዢ። እንደገና እንዲህ ከደማሽ እዚህ አትደርሺም» አለኝ። እንዴት አድርጌ እንደማላረግዝ ግን ማንም አልነገረኝም። ስወጣ ስለ መከላከያ ብጠይቅ «ልጅሽን ስታስከትቢ ያደርጉልሻል» ብለው ሸኙኝ። ሰርካለምን ያስከተቡት ደግሞ አዝለዋት የሄዱት እትዬ ጥሩሸዋ ናቸው፤ አራስ ከክርስትና በፊት ደጅ አትወጣማ። እንግዲህ መከላከያውን ለእሳቸው ያድርጉላቸው ነበር? ሐኪም ሲናገር የሚናገርበትን አገር ማወቅ የለበትም?

ጥር 26

ክርስትናው ትናንት አለፈ። ድግሱ ጥሩ ነበር፤ ሰው ግን አንጀቴን አሳረረው። ልጄን የሳመ ሁሉ ቀና ሲል «በወንድ ያስከትልልሽ» ይለኛል። አንዷማ «ዓመት አትቆዪ» ብላ መረቀችኝ። እኔ ገና ቀጥ ብዬ መራመዴ ነው። ሁሉም «አሜን» ይላል። ነቢዩም አለ። አፍሬ እኔም አልኩ። እትዬ ጥሩሸዋ ብቻ ከንፈራቸውን ገጥመው ወደ ጓዳ ገቡ። ሴት በመውለዴ አዝነዋል ማለት ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል።

አንድ ሽማግሌ ሰርካለምን አገላብጠው አይተው «አስካለ ማርያምን ቁርጥ» አሉ። አስካለ ማርያም የነቢዩ ታላቅ እህት ናት። ጊሼ ተድራ ራቤል አጠገብ ትኖር ነበር፤ እኔ ወደዚህ ቤተሰብ ሳልገባ በወሊድ ሞተች። ከዚህ በላይ ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ዛሬ ጠዋት አጎዛው ይጠቀለላል ብዬ ጠበቅኩ። አልተጠቀለለም።

«እትዬ፣ በጎቹስ?» አልኩ።

«የነነዌ ጾም ደርሷል። እሱን እዚሁ ልጹመው።»

ነነዌ ገና ሳምንት ይቀራታል፤ ጾሟም ሦስት ቀን ናት። ነቢዩን አየሁት፤ እሱ ጫማውን ያያል። አልጋው የእኔ፣ ቤቱ የእኔ፣ ባሉ የእኔ፤ የሚያዙት ግን እሳቸው።

ጥር 28

«ልጅቷን ላስመዝናት» ብዬ ወጣሁ። መከላከያ ልጠይቅ ነው ብላቸው ቤቱ እንደሚናድ አውቃለሁ። የሄድኩት ወደ ቀበሌው ጤና ኬላ ነው።

ኬላዋ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ገና ወጣት ናት። «የወር አበባሽ መጥቷል?» አለችኝ።

«አልመጣም። አጠባለሁ።»

«እንግዲያው ሲመጣ ነይ። እርጉዝ አለመሆንሽን በምን አውቃለሁ?»

«ሐኪም እንዳታረግዢ ብሎኛል። ደምቼ ነበር።»

«ገብቶኛል እናቴ። ሲመጣ ነይ። ቀጣይ።»

እናቴ አለችኝ። እኔ በታላቅነት ስድስት ሰባት ዓመት ብበልጣት ነው። ክፍል ሙሉ ልጅ በአንድ ቃል ዝም የማሰኝ ሴት፣ «አመሰግናለሁ» ብዬ ወጣሁ። ለምኑ እንዳመሰገንኳት እስካሁን አልገባኝም። መንገዱን ሙሉ ልናገራት የሚገባኝን ስናገር መጣሁ። በሬ የሚነዳ ሰው ቆሞ አየኝ።

ቤት ስገባ እትዬ ጥሩሸዋ «ስንት መዘነች?» አሉኝ። ማስመዘኑን ረስቼዋለሁ። «ደህና ናት» አልኩ። ቀና ብለው ፊቴን አዩና ወደ እንዝርታቸው ተመለሱ።

የካቲት 6

የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ትናንት ሥራ ገባሁ። ርዕሰ መምህሩ አቶ አወቀ መምህራን ሁሉ በተቀመጡበት «እንኳን ማርያም ማረችሽ። እንግዲህ ዓመት ሳይሞላሽ ደግሞ ፈቃድ ብለሽ እንዳትመጪብን» አለ። ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ። የሚያስቀው ነገር ምኑ ላይ ነው? ለእሱ እኮ የክፍለ ጊዜ ድልድል ነው የሚበላሽበት።

ጽናት ብቻ አልሳቀችም። አጠገቤ ያለውን ክፍል የምታስተምረው እሷ ናት። በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብላ «ተጠንቀቂ» አለችኝ። «ታናሹን ልጄን ደሜን ሳላይ ነው የያዝኩት። ጡት እያጠባሽ አይረገዝም ይሉኛል፤ እኔ ግን ሥራ ገብቼ ስለነበር ታላቁ ልጄ ቀን ቀን የላም ወተት ነበር የሚጠጣው። ደሜ ሲመጣ እሄዳለሁ ብዬ ስጠብቅ ሆዴ ገፋ።»

ሰርካለምም ከትናንት ጀምሮ ቀን ቀን የላም ወተት ነው የምትጠጣው።

ነነዌም ትናንት አለቀች። አጎዛው እዚያው ነው። «አሁን ደግሞ ዐቢይ ጾም እየመጣ አይደል» አሉኝ። ይህች ሴትዮ ጾም ከጾም እየቀጠለች ቤቴ ልታረጅ ነው።

የካቲት 9

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እትዬ ጥሩሸዋ ከሴቶች ጋር ወደ ኋላ ቀርተው ስለነበር ነቢዩን አገኘሁት። እንደዚህ ነው ባሌን የማገኘው፤ መንገድ ላይ።

ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን መከላከያ ላስደርግ ነው አልኩት። «ዶክተሩ ሁለት ዓመት አለ እንጂ ዘላለም አላለ» አለ። ሁለት ዓመት ነው የምልህ አልኩት። «ክንድ ያዝላል ይሉታል፤ እንስራ መሸከም አይቻልም ይላሉ።» እኔ የምሸከመው ጠመኔ ነው አልኩት። «እናቴ ብትሰማስ?» አለ። ጉዳዩ እዚህ ላይ ነበር ለካ።

«አልከለከልኩሽም እኮ» አለኝ በመጨረሻ፣ ትልቅ ነገር እንዳደረገልኝ ሁሉ። ገበሬውን ለምርጥ ዘር ቤት ለቤት እየዞረ የሚያሳምን የግብርና ባለሙያ ነው። እኔ ጋ ሲደርስ አለመከልከል ብቻ። አብሮኝ ና አላልኩትም፤ እመጣለሁም አላለም።

የካቲት 17

ዛሬ ጾሙ ገባ። ትናንት ቅበላ ነበር። ነቢዩ ሥጋ ይዞ በጊዜ መጣ፤ ፊቱ ፈክቷል፤ ጢሙንም ተላጭቷል። ለምን እንደፈካ የማይገባኝ ልጅ አይደለሁም። እትዬ ጥሩሸዋም አይደሉም። እራት እንዳበቃን ድንገት «ጎኔን ወጋኝ» ብለው አጎዛቸው ላይ ጋደም አሉ። ከዚያ በዚያው ጎናቸው ሆነው ደግሞ «ነቢዩ፣ የአጎትህ በግ ልትወልድ ነው፤ ሰው የላቸውም፤ ሂድ እዚያው እደር» አሉት።

ሄደ። ጎልማሳ ሰውዬ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ቅበላን ከበግ ጋር አደረ። ሲነጋ በጓም አልወለደች፣ የእናቱም ጎን ድኗል።

ምን ዓይነት ቅናት ነው ይሄ? ልጅን ከዳሩ በኋላ ከሚስቱ መንጠቅ ምን ይባላል? እንዲህ ተናድጄ ሌሊቱን የማነጋው መስሎኝ ነበር፤ ግን ወዲያው እንቅልፍ ወሰደኝ። ከወለድኩ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ድካም ይሆናል።

መጋቢት 4

የበልጉ ዝናብ ጀምሯል። በጭቃው ጤና ጣቢያ ድረስ ሄድኩ። ኬላዋ ካባረረችኝ ከፍ ያለው ይሻላል ብዬ ነው።

ተራዬ ሲደርስ በር ላይ ያለው ልጅ «የክንዱን የምታደርገው አዋላጅ ስልጠና ሄዳለች» አለኝ። መርፌውስ አልኩ። «ለመርፌው የእርግዝና ምርመራ ያስፈልጋል። መመርመሪያው አልቋል። ወይ የወር አበባሽ ይምጣ።» እና ምን ላድርግ አልኩት። «ከፋሲካ በኋላ ነይ» አለ። ግድግዳው ላይ ከኋላው «የወለደች እናት ሁሉ» የሚል ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል፤ ፖስተሯ ላይ ያለችው እናት እየሳቀች ነው። እሷን ማን እንዳስተናገዳት ብጠይቅ ደስ ባለኝ።

ከፋሲካ በኋላ። ነቢዩ ቀን የሚቆጥረው ለፋሲካ ነው። ጾሙ ሲፈታ ምን እንደሚፈታ አገር ያውቃል። አንዳንዴ እጄን ሲይዘኝ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ቃሬዛው ትዝ ይለኝና እጄን አነሳለሁ። ይከፋዋል። ባሌን እወደዋለሁ። ይህን የምጽፈው ማንም ስላልጠየቀኝ ነው።

መጋቢት 20

ፈተና እርማት። ዝናብ። ለተሥላሴ ጉንፋን ይዟታል። የወር አበባ የለም። የለም። አቶ አወቀ «ከሳሽ» አለኝ። ተወኝ አላልኩትም።

መጋቢት 29

የሰማሁትን ሳልጽፍ አልተኛም።

የንስሐ አባታችን አባ መልከ ጼዴቅ ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጥተው ነበር። ከትምህርት ቤት ስገባ ሳሎን ሆነው ከእትዬ ጥሩሸዋ ጋር ይነጋገራሉ። ስሜ የሚነሳ መስሎኝ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አባቴ፣ ለነቢዩ ቀኖና ይስጡልኝ» ይላሉ እትዬ። «ለብቻው የሚያስተኛ ይሁን። እስከ ጰራቅሊጦስ የሚያደርስ።»

«ምን አጥፍቶ?»

«አላጠፋም። እንዳያጠፋ ነው።»

አባ መልከ ጼዴቅ ሳቁ። «ጥሩሸዋ፣ በበዓለ ሃምሳ ጾም የለ፣ ስግደት የለ። ጌታ ተነሥቶ እኔ ሰው ልሰር? ይህን ከእኔ አታገኚም።»

«እንግዲያው እኔ ምን ቀረኝ?» አሉ እትዬ ጥሩሸዋ።

እንደዚያ ያለ ድፍረት ሰምቼ አላውቅም። ባልና ሚስት እንዲለያዩ ቄስ ይለመናል? ይህን ሁሉ ጊዜ ውኃ ቀድቼ እግራቸውን ያጠብኩት ለዚህ ነው?

ሚያዝያ 2

ዛሬ አልቻልኩም። ነቢዩ መስክ ሄዷል፤ እሳቸው በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይፈትላሉ። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«እትዬ፣ ምን አድርጌዎት ነው? ሴት ስለወለድኩ ነው? ቤቴን ለምን አይለቁልኝም?»

በጣታቸው መሃል የያዙትን የበግ ፀጉር ፈትለው ጨረሱ። ከዚያ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«መከላከያውን መቼ ነው የሚያደርጉልሽ?»

«ከማን ሰሙ?»

«ልጅ አስመዝና የምትመለስ ሴት እንደዚያ ተቆጥታ አትገባም። መቼ ነው?»

«ከፋሲካ በኋላ ነይ ብለውኛል።»

«ከፋሲካ በኋላ አይሆንም» አሉ። «ጾሙ አለቀብኝ። ነገ እንሄዳለን።»

ተነሥተው ገቡ። እኔ እዚያው ቆምኩ። የፈተለችው ክር መሬት ነክቶ ስለነበር አነሣሁት። የፈተሉት ማለቴ ነው። ምን ልበል፤ መናደድ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ በማን እንደሆነ ጠፋብኝ።

ሚያዝያ 3

ጽናት ክፍሌን ያዘችልኝ። እትዬ ጥሩሸዋ ሰርካለምን አዝለው፣ እንዝርታቸውን ይዘው ከፊት ከፊት ሄዱ።

በር ላይ ያለው ልጅ ያው ነው። አዋላጇ ከስልጠና ተመልሳለች፤ «ግን ዛሬ ሪፖርት እየሠራች ነው። ከፋሲካ በኋላ አላልኩሽም?» አለኝ። አፌን ሳልከፍት እትዬ ጥሩሸዋ ደረጃው ላይ፣ ልክ መግቢያው ላይ ተቀመጡ።

«ትጨርስ» አሉት። «እኛም ፈትል አለብን።»

«እናቴ፣ መንገድ ዘጉ እኮ።»

«አዎ» አሉ።

መግቢያው ላይ ሰው ተጠራቀመ። ልጁ ገብቶ ጠራት። አዋላጇ መጣች፣ አስገባችኝ፣ አስቀመጠችኝ። የወር አበባዬን ትጠይቀኛለች ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

«ከወለድሽ ወዲህ ከባለቤትሽ ጋር ተገናኝታችኋል?» አለችኝ።

«አልተገናኘንም።»

«አንድም ጊዜ?»

በሩን አሳየኋት። «እሳቸው ከአልጋዬ ሥር ነው የሚተኙት።»

ወደ ውጭ አየች፤ ሳቋን ያዝ አደረገች። «እንግዲያው ልታረግዢ አትችይም። ምርመራም የወር አበባም አያስፈልግሽም» ብላ እጇን ልትታጠብ ተነሣች። «ይሄ እኮ ያኔ ሆስፒታል እያለሽም ይቻል ነበር። አልነገሩሽም?»

አልነገሩኝም። አንድ ጥያቄ። ኬላዋ ያለችው ልጅ አልጠየቀችኝም፤ በር ላይ ያለው ልጅ አልጠየቀኝም፤ ሐኪሙ አልነገረኝም። ያቺን አንዲት ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ጠፍቶ በረዶ እንደሚፈራ ገበሬ ፋሲካን ስፈራ ከረምኩ። ክንዴን ስትወጋኝ ያለቀስኩት አሞኝ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። «ያማል?» አለችኝ። አያምም አልኳት።

ስመለስ በኬላዋ በኩል አለፍኩ። ልጅቷን አገኘኋትና «የወለደች ሴት ስትመጣ መጀመሪያ ይህን ጠይቂ» ብዬ ነገርኳት፤ ረጋ ብዬ፣ እንደ ተማሪ። ቀላች። «እኛ የተነገረን…» ብላ ጀመረች። የተነገራችሁን ተዉትና ጠይቁ አልኳት። ዛሬ አላመሰገንኳትም።

መንገዱን ስናጋምስ ከእትዬ ጥሩሸዋ ጋር ድንጋይ ላይ አረፍ አልን። ፊታቸውን ወደ ራቤል በኩል አዙረው ነው የተናገሩት።

«አስካለ ማርያም ስትወልድ ሄጄ አርሻት ነበር። እንደ አንቺ ደምታ ነበር። ጤና ኬላ ብትሄድ ደምሽ ሲመጣ ነይ አሏት። እኔ ክርስትናው ባለቀ ማግስት አጎዛዬን ጠቅልዬ አገሬ ገባሁ።»

ሰርካለም ጀርባቸው ላይ ተነቃንቃ ተኛች። እሹሩሩ አሏትና ቀጠሉ።

«ቆዪ ብላኝ ነበር። ባሏ ደግ ነው፤ ግን ባል ነው። እናቴ ትንሽ ቆዪ አለችኝ። በጎች ነበሩብኝ። ደሟን ሳታይ ነው እርግዝናው የያዛት። ከዚያ ወዲያ ያየኋት በሬሳ ሳጥን ነው።»

እጃቸውን ያዝኩ፤ ፀጉር የሚፈትል እጅ ሻካራ ነው። ትንሽ ተዉልኝና ቀስ ብለው አስለቀቁኝ። «ክንድሽን ውኃ እንዳታስነኪ» አሉ፤ ተነሣን።

ሚያዝያ 4

ፋሲካን እዚህ ይዋሉ ብዬ ለመንኩ፤ አለቀስኩ ሁሉ። እንቢ አሉ። ማለዳ አጎዛቸውን አራግፈው ጠቀለሉ፣ ሁለቱን ልጆች ሳሙ፣ ክንዴን በጨርቁ ላይ ነካ አድርገው አዩ፤ ሄዱ።

ነቢዩ ከመስክ ገብቶ መጀመሪያ ያየው ወለሉን ነው። ቦታው ባዶ ነው።

«እናቴስ?» አለ። «ተጣላችሁ እንዴ?»

እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አሳየሁት። «አልተጣላንም» አልኩት። «በጎች አሉባቸው።»